ገንዘባችሁ በማን ስም ነው? ከሰሜን ሸዋ ወጥቶ በሰው ሀገር ለሚሠራ ሰው የገንዘብ አያያዝ መመሪያ

ከጅዳ ጠቅልዬ የተመለስኩ ሰሞን ነው። ማታ እሳት ዳር ቁጭ ብለን ሳለ እናቴ ከመደቡ ሥር አንድ ጥቁር ፌስታል ጎትታ አወጣች። «ልጄ፣ የላክሽው ሁሉ እዚህ አለ፤ አንዱንም አልጣልኩትም» አለችኝ። በፌስታሉ ውስጥ ያለው የባንክ ደረሰኝ ነው። ጭስ ጠጥቶ ቢጫ የሆነ፣ ጫፉ የታጠፈ፣ ጽሑፉ የደበዘዘ የሰባት ዓመት ደረሰኝ። ከታናሽ ወንድሜ ጋር ደብተር አውጥተን ስንደምር አመሸን።

በወር 1,000 ሪያል ይከፈለኝ ነበር። በሰባት ዓመት 84,000 ሪያል ይሆናል። ሪያል ከዶላር ጋር በ3.75 የታሰረ ስለሆነ 22,400 ዶላር ማለት ነው። ከዚያ ውስጥ 61,000 ሪያሉ መንዝ ደርሷል። ያን ማታ ቆጥረን ያገኘነው ግን መሐል ሜዳ ላይ በታላቅ ወንድሜ ስም ያለ ባለ ሁለት ክፍል ቆርቆሮ ቤት፣ አንድ ጥማድ በሬ እና ለሠርግ ተበድረውት ያላለቀ ዕዳ ነው።

ማንም አልሰረቀኝም። በላኩት ተበልቷል፣ ሰው ታክሟል፣ ልጅ ተምሯል፣ አባቴ በወጉ ተቀብሯል፤ በዚህ አልቆጭም። የሚቆጨኝ ገንዘቡ ከእጄ ሲወጣ ስም አለመያዙ ነው። የቀለብ ነው? የቤት ነው? የእኔ መመለሻ ነው? ማናችንም አላልነውም። ስም የሌለው ገንዘብ ደግሞ ቀድሞ ለደረሰው ችግር ይሆናል።

አሁን ደብረ ብርሃን ላይ የአንድ ሱቅ ሒሳብ እይዛለሁ። ሜሪላንድ ካለችው እህቴ ጋር የሚደርሳትን ወረቀት በስልክ አብረን እናነባለን። ዓረብ ሀገር ያሉ የሰፈራችን ልጆችም ይደውሉልኛል። የምጽፍላችሁ ለእነሱ ደጋግሜ የነገርኳቸውን ነው። አንዱ ሥራ በሌላው ላይ ስለሚቆም ቅደም ተከተሉን ጠብቁ።

1. ደብተር ክፈቱ

አንድ ደብተር ግዙና ገጹን በአራት ዓምድ ክፈሉት፦ የገባ፣ እዚያው የወጣ፣ ሀገር ቤት የተላከ፣ በስሜ የተቀመጠ። ለሦስት ወር ሳታቋርጡ ጻፉ። የምትጽፉት በተከፈላችሁበት ገንዘብ ይሁን፤ በሪያል ከሆነ በሪያል፣ በዶላር ከሆነ በዶላር። በብር ከጻፋችሁት ምንዛሬው በተለወጠ ቁጥር ቁጥሩ ያብጣል፣ እናንተም ያደጋችሁ ይመስላችኋል።

ሦስተኛውንና አራተኛውን ዓምድ አታቀላቅሉ። እኔ ለሰባት ዓመት «እየቆጠብኩ ነው» ስል የነበረው ሦስተኛውን ዓምድ ነው። የተላከ ሁሉ የተቀመጠ አይደለም። አራተኛው ዓምድ ላይ የሚጻፈው እናንተ ብቻ ፈርማችሁ የምታወጡት ገንዘብ ነው። በሦስት ወር ውስጥ ያ ዓምድ ባዶ ከሆነ፣ ደመወዛችሁ የቱንም ያህል ቢሆን፣ ለራሳችሁ እየሠራችሁ አይደለም።

2. የዘሩን ገብስ ለዩ

መንዝ ውስጥ በልግ ሲከዳ ምን እንደሚደረግ ታውቃላችሁ። ቤቱ ቆሎ ቢያጣ፣ ልጅ ቢያለቅስ፣ ለዘር የተለየው ገብስ አይነካም፤ እሱ ከተበላ የሚመጣው ዓመትም አብሮ ተበላ። በሰው ሀገር የምትለዩት ዘር የመጠባበቂያ ገንዘብ ነው። አሜሪካና አውሮፓ ላላችሁ ከሦስት እስከ ስድስት ወር የቤት ኪራይና የምግብ ወጪ የሚሸፍን፤ ዓረብ ሀገር ላላችሁ ቢያንስ የመመለሻ ቲኬትና ደብረ ብርሃን ወይም ሸዋ ሮቢት ገብታችሁ ሥራ እስክትይዙ አራት ወር የሚያቆያችሁ። ይህ ሳይሞላ ቤት፣ አክሲዮን፣ ባጃጅ የሚባል ነገር አይታሰብ።

ገንዘቡ በራሳችሁ ስም ባንክ ይግባ። «ማዳም ጋር ይጠራቀምልኝ» የምትሉ እህቶቼ፣ እባካችሁ ተዉት። ደመወዝ አሠሪ እጅ ሲጠራቀም ቁጠባ መሆኑ ቀርቶ ብድር ይሆናል፤ ያለ ወረቀትና ያለ ዋስ ያበደራችሁት ብድር። በየወሩ ተቀበሉና ፈርሙ፣ የፈረማችሁበትን በስልክ ፎቶ አንሱት። የፓስፖርታችሁንና የውላችሁን ፎቶም ሀገር ቤት ላለ አንድ ሰው ላኩለት።

በዱቤ ካርድ ዕዳ ውስጥ ላላችሁ፣ ከመጠባበቂያው ጎን ለጎን እሱንም ዝጉት። 5,000 ዶላር በ24 በመቶ ወለድ ብታቆዩ በዓመት 1,200 ዶላር ለወለድ ብቻ ይሄዳል። ያንን የሚተካ ትርፍ በአስተማማኝ መንገድ የሚሰጣችሁ ንግድ ደብረ ብርሃንም ሜሪላንድም የለም።

3. ቀለቡን ቁረጡ

ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው፣ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

አባቶቻችን ቀለብ ይቆርጡ ነበር፤ ለእገሌ በወር ይህን ያህል ተብሎ ይወሰናል፣ ከዚያ በኋላ በየቀኑ አይለመንም፣ በየቀኑም አይከለከልም። እናንተም ቁረጡ። እናት አባታችሁ ለእህል፣ ለዘይት፣ ለመብራት፣ ለሕክምና በወር ስንት እንደሚበቃቸው ቁጭ ብላችሁ አስሉ። ጤፉን ከምንጃር ነው የሚያስመጡት ወይስ ገብሱን ከማሳቸው ያገኛሉ? የሚከፈልለት ተማሪ አለ? የደም ግፊት መድኃኒት አለ? ቁጥሩ ሲወጣ በየወሩ በተወሰነ ቀን ይላክ። በችግር ቀን ብቻ ከምትልኩ፣ ቤቱ ችግርን ይለምዳል።

ከቀለቡ ሌላ ትንሽ «የችግር» ቋት ይኑራችሁ፤ ለድንገተኛ ሕመምና ለሐዘን። ይህ ከመጠባበቂያችሁ የተለየ ነው። በዓመቱ መጀመሪያ መጠኑን ወስኑት፤ ሲያልቅ አልቋል። የሦስተኛው ዓይነት ጥያቄ፣ ማለትም ሠርግ፣ ተዝካር፣ አዲስ ስልክ፣ «ሥራ ልጀምር»፣ ስልክ ላይ እያላችሁ መልስ አይሰጠው። «እስቲ ሒሳቤን ልይና እሑድ እደውላለሁ» በሉ። እሑድም ደውሉ። የማይደውልን ሰው ይታዘቡታል፣ ቅያሜውም የሚመጣው ከዚያ ነው።

እህቴን አንድ አጎታችን ለባጃጅ ገንዘብ ጠይቀዋት ነበር። እንዴት እንደመለሰችላቸው ልንገራችሁ። «ጋሼ፣ ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። ሦስት ነገር ላኩልኝ፦ ሻጩ ዋጋውን የጻፈበት ወረቀት፣ የልጁ መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬው በማን ስም እንደሚወጣ። ግማሹን ከሸፈናችሁ ግማሹን እኔ አበድራለሁ፤ በወር በወር ለእማዬ ትከፍላላችሁ» አለቻቸው። አጎታችን ግማሹን ለማምጣት አምስት ወር ፈጀባቸው፤ ባጃጁ ግን ተገዛ፣ ዛሬም ጠባሴ ላይ ይሠራል። የራሱን ገንዘብ ያስገባ ሰው እቃውን ይጠብቃል።

ስታበድሩ በወረቀት ይሁን። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2472 መሠረት ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር ፍርድ ቤት የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ በእምነት ቃል ወይም በመሐላ ነው፤ ምስክር መቁጠር አይበቃም። ሁለት ምስክር የፈረመበት አንድ ገጽ ወረቀት ዝምድና አያፈርስም። ዝምድና ሲፈርስ ያየሁት ወረቀት ባልነበረበት ነው።

4. ስትልኩ የሚደርሰውን ብር አወዳድሩ

«ክፍያ የለውም» የሚለው ማስታወቂያ አያታልላችሁ። ላኪው የሚያተርፈው በክፍያውም በምንዛሬውም ነው። ለምሳሌ 300 ዶላር ልትልኩ ነው እንበል። አንዱ ያለ ክፍያ በ140 ብር ቢመነዝር 42,000 ብር ይደርሳል። ሌላው 4 ዶላር ቆርጦ በ145 ቢመነዝር 42,920 ብር ይደርሳል። የተከፈለበት በለጠ። ስለዚህ ሁልጊዜ ጥያቄያችሁ አንድ ይሁን፦ ይህን ያህል ብሰጥ እናቴ እጅ ስንት ብር ይገባል? በዚያው ሰዓት ሁለት ሦስት መተግበሪያ ከፍታችሁ አስተያዩ።

አሜሪካ ላላችሁ አዲስ ነገር አለ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ በጥሬ ገንዘብ፣ በመኒ ኦርደር ወይም በካሺየር ቼክ ከፍላችሁ ወደ ውጭ በምትልኩት ላይ 1 በመቶ ግብር ይቆረጣል። ከባንክ ሒሳባችሁ ወይም አሜሪካ ውስጥ በወጣ የባንክ ካርድ ከላካችሁ አይቆረጥም። ጥሬ ገንዘብ ይዞ ሱቅ መሄድ የለመደ ሰው ልማዱን ይለውጥ።

ስለ ጥቁር ገበያው ሰው ሁሉ ይጠይቀኛል። ልዩነቱ አንዳንዴ ይሰፋል፣ አንዳንዴ ይጠባል፤ ሲሰፋ እንደሚያጓጓ አውቃለሁ። አብራኝ ጅዳ የሠራች የኤፍራታ ልጅ የአራት ወር ደመወዟን ለአንድ አስተላላፊ ሰጥታ፣ ስልኩ ከማግስቱ ጀምሮ ተዘጋ። ለማን ትከሰው? ሥራው በሳውዲም በኢትዮጵያም ወንጀል ስለሆነ ከሳሿም ፈራች። ሁለተኛው ጉዳት ዝምተኛ ነው። በባንክ የመጣ ገንዘብ ታሪክ አለው። ነገ የዲያስፖራ ብድር ስትጠይቁ፣ ቤቱ በእኔ ገንዘብ ነው የተሠራው ብላችሁ ስትከራከሩ፣ የሚናገርላችሁ ያ ታሪክ ነው። የእናቴ ፌስታል በኋላ ከታላቅ ወንድሜ ጋር በሽምግልና ስንቀመጥ የጠቀመኝ ለዚህ ነው። ሽማግሌዎቹ ደረሰኙን አንድ በአንድ ገልብጠው ካዩ በኋላ ክርክሩ አጠረ፤ የቤቱ ግማሽ በስሜ ዞረ።

5. ብር ወይስ ዶላር?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ፈቀደ። ከዚያ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ130 አለፈ። አስሉት። 570,000 ብር በቁጠባ ያስቀመጠ ሰው ከውሳኔው በፊት 10,000 ዶላር ነበረው። ዓመቱን ሙሉ 7 በመቶ ወለድ ቢያገኝ 609,900 ብር ይሆንለታል፤ በ130 ሲካፈል ግን 4,700 ዶላር እንኳ አይሞላም። ማንም ሳይነካው ከግማሽ በላይ ሄደ።

ከዚህ የምወስደው ሕግ እንዲህ ነው፦ በብር የሚቀመጠው በቅርቡ በብር የሚወጣው ብቻ ይሁን። የስድስት ወር ቀለብ፣ የተጀመረ ግንባታ ሲሚንቶና ቆርቆሮ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ። ገና ሦስት አራት ዓመት የሚቆይ ገንዘብ በብር ቁጠባ ደብተር አይቀመጥ።

ሀገር ቤት ማስቀመጥ ከፈለጋችሁ የዲያስፖራ የውጭ ምንዛሬ ሒሳብ አለ። ንግድ ባንክም የግሎቹም ይከፍታሉ። ፓስፖርትና የውጭ ሀገር የመኖሪያ ወይም የሥራ ፈቃድ፣ ዜግነት ለቀየራችሁ ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ይጠየቃል። ከመክፈታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ገንዘቡን በዶላር ማውጣትና መልሼ ወደ ውጭ መላክ እችላለሁ? ወለዱ የሚከፈለው በምን ገንዘብ ነው? በዝግ ካስቀመጥኩ ስንት ወር ይታሰራል? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። የተቀማጭ ዋስትና ፈንዱ ባንክ ቢወድቅ የሚሸፍነው እስከ 100,000 ብር መሆኑንም እወቁ።

በውጭም ቢሆን አንድ ቦታ ብቻ አታስቀምጡ። ቤሩት የነበሩ እህቶቻችን ያዩትን አንርሳ። የሊባኖስ ገንዘብ ለዓመታት አንድ ዶላር በ1,507 ሊራ ተብሎ ታስሮ ቆይቶ ከ2019 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ጀምሮ ከ90 በመቶ በላይ ዋጋውን አጣ፤ ባንኮቹም ዶላር አናወጣም አሉ። ደመወዛቸው በሊራ የተለወጠባቸው፣ ጭራሽም ያልተከፈላቸው ብዙ ናቸው።

6. በምትኖሩበት ሀገር የሚገባችሁን አትተዉ

አሜሪካ፦ ቀጣሪያችሁ 401 ኬ የሚባል የጡረታ ቁጠባ ካለው እና እናንተ ስታስገቡ እሱም የሚጨምር ከሆነ፣ የሚጨምርላችሁን ያህል ሳታስገቡ ሌላ ነገር አትጀምሩ። በዓመት 40,000 ዶላር የሚከፈላት እህቴ 4 በመቶ ታስገባለች፣ 1,600 ዶላር ማለት ነው፤ ቀጣሪዋ ሌላ 1,600 ይጨምርላታል። ሥራ በጀመረችባቸው ሁለት ዓመታት ግን «ወረቀቱ አልገባኝም» ብላ ትታው ነበር፤ ያ ገንዘብ ተመልሶ አይመጣም። ከ59 ዓመት ተኩል በፊት ከወጣ ከገቢ ግብሩ በተጨማሪ የ10 በመቶ ቅጣት ስላለበት ለቤት መሥሪያ ብላችሁ አትንኩት። ሶሻል ሴኩሪቲ የሚባለው የመንግሥት ጡረታም አለ። የጡረታ መብት የሚሰጠው 40 ነጥብ ሲሞላ ሲሆን ይህም በግብር የተመዘገበ የአሥር ዓመት ሥራ ነው። በካሽ ተከፍሎ ያልተመዘገበ ሥራ እዚህ ውስጥ አይገባም።

ከዚያ በላይ የሚተርፍ ካለ ወጪው ዝቅተኛ የሆነ ኢንዴክስ ፈንድ ለብዙ ሰው ይበቃል፤ በአንድ ጊዜ የብዙ መቶ ኩባንያዎችን ድርሻ መያዝ ነው። በወር 200 ዶላር ለ20 ዓመት ቢገባና በአማካይ በዓመት 7 በመቶ ቢያድግ 104,000 ዶላር ገደማ ይሆናል፤ ከኪሳችሁ የወጣው 48,000 ነው። 7 በመቶው ማንም ቃል የገባው አይደለም። ገበያው በአንድ ዓመት በሲሶ ሊወርድ ይችላል፤ ከአምስት ዓመት በታች የምትፈልጉትን ገንዘብ እዚያ አታስገቡ። «በወር እጥፍ እናደርጋለን» እያለ በቤተ ክርስቲያን ግቢና በቴሌግራም የሚዞረውን ደግሞ ከጓደኛ ቢመጣም፣ ከዘመድ ቢመጣም አትቅረቡት።

ዓረብ ሀገር፦ ለውጭ ሀገር ሠራተኛ ጡረታ የለም። ያለው የአገልግሎት ክፍያ ነው። በሳውዲ የሠራተኛ ሕግ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በየዓመቱ የግማሽ ወር፣ ከዚያ በኋላ የአንድ ወር ደመወዝ ይታሰባል፤ በኤምሬትስ ደግሞ የ21 ቀን፣ ከአምስት ዓመት በኋላ የ30 ቀን። የቤት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በሌላ ደንብ ስለሆነ ውላችሁ ላይ ያለውን አስነብቡ። ሥራ ስትለቁ «ሁሉንም ተቀብያለሁ» የሚል ወረቀት ላይ ከመፈረማችሁ በፊት ይህን ክፍያ ጠይቁ። እኔ ፈርሜ ነው የወጣሁት፤ በዓረብኛ የተጻፈውን ማንም አላነበበልኝም።

ዕቁብ ጥሩ ነው፤ ያስቆጥባል። ግን ወለድ የለውም፤ መጀመሪያ የደረሰው ያለ ወለድ ተበደረ፣ መጨረሻ የሚደርሰው ደግሞ ያለ ወለድ አበደረ። ስለዚህ መጨረሻ የምትወጡ ከሆነ ዳኛው ማን ነው፣ ዋስ ማን ነው፣ በመሐል ከሀገር የሚባረር ሰው ቢኖር ማን ይተካል የሚለው ይጻፍ። በውጭ ያለውን ዕድርም አትናቁት። አስከሬን ወደ ሀገር መላክ ውድ ነው፤ ዕድር የሌለው ሰው ሲሞት ልመና ይወጣል።

7. ሀገር ቤት ስታውሉት

መጀመሪያ ስለ ውክልና፣ ብዙ ንብረት የጠፋው በዚህ በኩል ስለሆነ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2204 ጠቅላላ ውክልና የሚሰጠው የማስተዳደር ሥልጣን ብቻ ነው፤ ኪራይ መሰብሰብ፣ መጠገን፣ ግብር መክፈል። የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ፣ ለማስያዝ ወይም ለመስጠት በአንቀጽ 2205 ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ኤምባሲ ስትሄዱ «ሁሉንም ጨምርበት» አትበሉ። ቤት እንዲገዛላችሁ የምትወክሉት ሰው የመሸጥ ሥልጣን አያስፈልገውም። «በስሜ እንዲገዛ፣ ካርታው በስሜ እንዲወጣ» የሚሉት ቃላት በግልጽ ይግቡ። ወረቀቱ በኤምባሲ ከተፈረመ በኋላ አዲስ አበባ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥ አለበት። ሥራው ሲያልቅ ሻሩት፤ መሻራችሁንም ውክልናው የቀረበበት ቢሮ እንዲያውቀው አድርጉ።

ቀጥሎ መሬት። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። የከተማ ቦታ በሊዝ ይያዛል፤ የሚሸጠው በላዩ ያለው ቤት ነው። የገጠር መሬት ደግሞ የገበሬው ይዞታ ነው፤ አረንጓዴ ደብተሩን ቢያስረክባችሁም መሬቱ የእናንተ አይሆንም። ደብረ ብርሃን እየሰፋ ሲሄድ በከተማው ዳርቻ «ወደፊት ካርታ ይወጣለታል» እየተባለ የሚቀርብ ቦታ ብዙ ነው። ርካሽ የሆነው ሕጋዊ ስላልሆነ ነው። ከተማው ሲደርስበት ካሳ የሚከፈለው ስሙ በመዝገብ ላለው ገበሬ ነው፤ የእናንተ ቤት ይፈርሳል። ከልቤ የምለምናችሁ አንድ ነገር ቢኖር ይህን እንዳትገዙ ነው።

ቤት ስትገዙ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን። ወኪላችሁ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ካርታው ከመዝገቡ ጋር አንድ መሆኑንና ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ይጠይቅ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው አብሮ ይፈርም፤ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት የጋራ ነውና ያለ እሷ ወይም ያለ እሱ ፊርማ የተደረገ ሽያጭ በፍርድ ቤት ሊፈርስ ይችላል። ውሉ በሰነድ አረጋጋጭ ፊት ይፈረም፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት። ክፍያው ከእናንተ ሒሳብ ወደ ሻጩ ሒሳብ በባንክ ይሂድ፣ በዘመድ እጅ አይዙር። ስም ሳይዞር ሙሉው አይከፈል።

በ2013 ዓ.ም. አጣዬና አካባቢው የሆነውን ያየ ሰው ስለ ኢንሹራንስም ያስባል። ተራው የእሳት ዋስትና በጦርነትና በሁከት የደረሰን ጉዳት አይሸፍንም። የፖለቲካ ሁከትና ሽብር ዋስትና ለብቻው ይገዛል። የኪራይ ቤት ወይም መጋዘን ያላችሁ ሁለቱንም ዋጋ ጠይቁ።

ንግድን በተመለከተ፣ ቦታውንና ሥራውን የሚያውቅ ሰው በሌለበት አትጀምሩ። በአካባቢያችን የሚያዋጣው የታወቀ ነው፦ ከመንዝ በግ ገዝቶ ሦስት ወር አድልቦ ለፋሲካ ማውጣት፣ ጤፍና ሽምብራ ምንጃር ላይ በመኸር ገዝቶ ክረምት መሸጥ፣ ደብረ ብርሃን ላሉት የቢራ ፋብሪካዎች የቢራ ገብስ መሰብሰብ። መንገድ ሲዘጋ ግን በጉም እህሉም ባለበት ይቆማል፤ ስለዚህ በብድር አትግቡበት። ቀድሞ በራሱ አሥር በግ ሲያደልብ ለኖረ ሰው አሥር ጨምሩለት፤ በግ ነክቶ የማያውቅ የወንድም ልጅ መቶ በግ አይሰጠው። ትርፉ እንዴት እንደሚካፈል፣ በግ ቢሞት ኪሳራው የማን እንደሆነ አስቀድሞ ይጻፍ።

አክሲዮን ደግሞ አሁን መልክ እየያዘ ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በይፋ ተከፍቶ ወጋገን ባንክ በቀዳሚነት ተመዘገበ። ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ ኢትዮ ቴሌኮም አንዱን አክሲዮን በ300 ብር፣ ቢያንስ 33 አክሲዮን ማለትም በ9,900 ብር ለኢትዮጵያውያን አቅርቦ ነበር። የምትገዙት በገበያው የተመዘገበ ወይም የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ የሰጠው መሆኑን ሳታረጋግጡ አትክፈሉ። «በምሥረታ ላይ» እየተባለ በአዳራሽ የሚሸጠውን አክሲዮን ከዚህ ለዩት፤ ለዓመታት ተመሥርቶ ሳያልቅ የቀረ ብዙ ነው። የሦስት ዓመት የኦዲት ሪፖርትና የትርፍ ክፍፍል ጠይቁ። በአጭር ጊዜ መሸጥ እንደሚያስቸግርም ቁጠሩት።

8. ዜግነትና ግብር

ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት አትፈቅድም። የሌላ ሀገር ፓስፖርት ስትይዙ ኢትዮጵያዊነታችሁ ይቀራል፤ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የሚሰጠው ቢጫ ካርድ ግን ያለ ቪዛ መግባትን፣ ያለ ሥራ ፈቃድ መሥራትን፣ እንደ ሀገር ውስጥ ባለሀብት መቆጠርንና ቤት መያዝን ይፈቅዳል። ዜግነት ስትቀይሩ ወዲያው አውጡት፣ የቀድሞ ንብረታችሁንም በአዲሱ ሁኔታ አስመዝግቡ። በ2009 ዓ.ም. የውጭ ዜግነት ይዘው የባንክ አክሲዮን የነበራቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያን ድርሻቸውን እንዲመልሱ ተደርገው ነበር፤ የተፈቀደላቸው ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ነው። ዝም ብሎ በቀድሞ መታወቂያ መቆየት የሚያስከፍለው እንዲህ ነው።

የአሜሪካ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ የያዘ ሰው በዓለም ዙሪያ ያለውን ገቢ እዚያ ማሳወቅ አለበት፤ ደብረ ብርሃን ያለ የቤት ኪራይም ይጨምራል። ከአሜሪካ ውጭ ያሉት የባንክ ሒሳቦቻችሁ ተደምረው በዓመቱ ውስጥ በአንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፉ ኤፍባር የሚባለው ቅጽ ይሞላል። ግብር የለበትም፣ ማሳወቅ ብቻ ነው፤ አለማሳወቁ ግን ከባድ ቅጣት አለው። በእናታችሁ ሒሳብ ላይ የመፈረም ሥልጣን ካላችሁ እሱም ይቆጠራል። ጠቅልላችሁ ስትመለሱ ደግሞ በኢትዮጵያ የገቢ ግብር ሕግ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ183 ቀን በላይ ከቆያችሁ እንደ ነዋሪ ግብር ከፋይ ትቆጠራላችሁ፤ የውጭ ገቢ ካላችሁ ከመመለሳችሁ በፊት ሒሳብ አዋቂ አማክሩ።

9. ወራሹን ጻፉ

የ401 ኬውም የሕይወት ኢንሹራንሱም ቅጽ ላይ የተጠቃሚ ስም የሚጻፍበት ቦታ አለ። ባዶ አትተዉት፤ ከተጋባችሁ ወይም ከተፋታችሁ በኋላም ተመልሳችሁ እዩት። በፓስፖርትና በፋይዳ ላይ ያለው ስማችሁ በፊደል አንድ ይሁን። የአንድ ፊደል ልዩነት ወራሽን ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን ያመላልሳል።

ከዚያ አንድ ገጽ ላይ ይህን ጻፉ፦ የትኛው ባንክ፣ የትኛው ቅርንጫፍ፣ የትኛው አክሲዮን፣ ካርታው የት እንዳለ፣ ማን ምን እንዳለበት፣ የዕድርና የዕቁብ ዳኛ ማን እንደሆነ። የምስጢር ቁጥር አይጻፍበት። ሁለት ቅጂ አድርጉና አንዱን ገንዘባችሁ ውስጥ እጁ ለሌለበት ሰው ስጡ፤ በየዓመቱ በእንቁጣጣሽ ሰሞን አሮጌውን ቀድዳችሁ አዲስ ጻፉ። የእህቴ ቅጂ አሁን እናቴ ዘንድ ነው፤ መደቡ ሥር፣ በዚያው ጥቁር ፌስታል ውስጥ፣ ከደረሰኞቹ በላይ።